ጋሽ ቱፋ እና የተገለበጠው ቀስት

የጋሽ ቱፋን ሞት ያረዳኝ የቴሌግራም መልእክት ነው። ከፎቶግራፋቸው ሥር «ፕሮፌሰር» ተብሎ ተጽፏል፤ ፕሮፌሰር አልነበሩም፣ እንዲያ ብሎ የጠራቸውንም ሰው እዚያው ያርሙት ነበር። ቀጥሎ «ለተማሪዎቻቸው እንደ ሻማ የቀለጡ» ይላል። አብሬያቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ተማሪ ሲቀልጥ እንጂ እሳቸው ሲቀልጡ አላየሁም። «ደግና ርኅሩኅ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ስለመሳቄ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ስለማፈሬ ተናደድኩ።

በእኛ አገር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። የሚሞተው ሁሉ ደግ ነው። ቀባሪው ከአስከሬኑ ጋር ጠባዩንም ቀብሮ ይመለሳል፤ ሳምንት ሳይሞላ የምናውቀው ሰው ይቀርና በቦታው ማንንም ሊሆን የሚችል አንድ መልካም ሰው ይተካል። ይህ ለእኔ ሁለተኛ ሞት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር፦ ጋሽ ቱፋ ደግ ሰው አልነበሩም። የማልረሳቸውም ስለ ደግነታቸው አይደለም። በአንዲት ቀስት ምክንያት ነው።

አዳማ ውስጥ ነርሶችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ ነበር፤ ስሙ ለዚህ ጨዋታ አያስፈልግም። እኔ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ማለትም ተማሪዎች በፈቃዳቸው የማያነቧቸውን አንቀጾች በግድ አስነብባቸው ነበር። ጋሽ ቱፋ የሴል ባዮሎጂ መምህር ነበሩ። አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ ከመምህራን ክፍል ሲገቡ ሁሉንም «አካም» በምትል አንዲት ቃል ሰላም ብለው የሚጨርሱ ሰው። የነጭ ጋዋናቸው የግራ ኪስ ሁልጊዜ ያበጠ ነው። ያሳበጠው ለውዝ ነው። የተወለዱት ወንጂ፣ የሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር ነበር፤ አባታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቆንጨራ ይዘው ማሳ ውስጥ ነው። ይህን ግን ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም። የነገረኝ የኮሌጁ ጥበቃ ነበር፤ እሱም የዚያው ሰፈር ልጅ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በክፍላቸው መስኮት በኩል ሳልፍ ያየሁትን ለማንም ስናገር አይታመንልኝም። በአየር የተነፋ ሰማያዊ ፌስታል አናታቸው ላይ ይዘዋል። ወለሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ መስመር ተሰምሯል። እሳቸው መስመሩን ይዘው ይራመዳሉ፤ ጎን ለጎን አንዲት ተማሪ መዳፏ ላይ ለውዝ ይዛ ትከተላቸዋለች። አንድ እርምጃ፣ አንድ ለውዝ። ለውዙ አፋቸው ካልገባ እግራቸው አይነሳም። ልጅቷ አንዴ ብትዘነጋ እንዳንዣበቡ ቆመው ጠበቋት፤ ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ እንኳ አልተነቃነቁም።

በምሳ ሰዓት ምን እየሠሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለ ሴል ሲጠይቅ ደስ አይላቸውም፤ ቢሆንም ነገሩኝ።

«ሴል ማለት ከተማ ነው» አሉ። «ከተማ ያለ ኩሊ አንድ ቀን አያድርም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴል የሚያመርተው ዕቃ ከተመረተበት ቦታ ወደሚፈለግበት መድረስ አለበት። ዕቃው በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይታሸጋል። መጽሐፉ ቬሲክል ይላታል፤ ጋሽ ቱፋ ፌስታል ይሏታል። ፌስታሏ እግር የላትም። ሴሉ ውስጥ ግን ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠኑ ሐዲዶች ተዘርግተዋል፤ በሐዲዶቹ ላይ ደግሞ ሞተር ፕሮቲን የሚባሉ ኩሊዎች ይመላለሳሉ። በእርግጥ ሁለት እግር አላቸው። በእርግጥ ይራመዳሉ። አንዱ እግር ሐዲዱን ሳይዝ ሌላው አይለቅም፤ ቢለቅ ፌስታሏ ተንሳፍፋ ትቀራለች። ለእያንዳንዷ እርምጃም አንድ ጉርሻ የኃይል ምግብ ይበላሉ። ለውዙ ይኸው ነው።

እኔ ብዙ አንብቤያለሁ ብዬ የማምን ሰው ነኝ። እዚህ ተቀምጬ ሽሮ ስበላ በሆዴ ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ኩሊዎች እየተራመዱ እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ማንኪያዬን አስቀምጬ ሆዴን አየሁት።

ኩሊዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። ሐዲዱ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ የመደመር ጫፍ፣ ሌላው የመቀነስ ጫፍ ይባላል። ኪኔሲን የሚባለው ወገን አብዛኛው ወደ መደመር ጫፍ ይሄዳል። ዳይኒን የሚባለው ወደ መቀነስ ጫፍ ይሄዳል። አዙሮ መመለስ የሚባል ነገር አያውቁም። ጋሽ ቱፋ ይህን ወደ አንዲት መፈክር አሳጥረውት ነበር፦ «ኪኔሲን ወጪ፣ ዳይኒን ገቢ!» ተማሪዎቹ በኮሪደር እየዘመሩት ያልፋሉ። በሴሉ መካከል ካለው ማዕከል ሐዲዶቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዳር ስለሚዘረጉ፣ ወደ ዳር የሚያወጣው ኪኔሲን፣ ወደ መሐል የሚያስገባው ዳይኒን ነው።

የቤት ሥራቸውም እንደ ክፍላቸው ነው። ተማሪውን ሁሉ መናኸሪያ ልከው አንድ ሰዓት ሙሉ የኩሊ እግር ብቻ እንዲያይ ያዝዙ ነበር። ሸክሙን አይደለም፣ ፊቱን አይደለም፣ እግሩን። እኔም በድብቅ ሄጄ አይቻለሁ። ባዶውን የሚሄድ ሰው ይዘላል፣ ይሮጣል፣ ሁለት እግሩ አየር ላይ የሚሆንበት ቅጽበት አለ። ፍሪጅ የተሸከመ ሰው ግን ያ ቅጽበት የለውም። ከዚያ በኋላ የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት የባዮሎጂ መደርደሪያ ደጋግሜ መጎብኘት ጀመርኩ፤ ለዚህ ጋሽ ቱፋን አመሰግናለሁ፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላመሰገኑኝም።

ከሁሉም ሴል የሚወዱት የአንጀትን ግድግዳ የሚያለብሰውን ነበር። ይህ ሴል እንደ ሌላው ክብ አይደለም፤ ሸንቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፊትና ጀርባ አለው። «አስፋልት ዳር እንደተደረደረ ሱቅ ነው» ይሉ ነበር። የፊት በሩ ምግቡ ወደሚያልፍበት ወደ አንጀቱ ቧንቧ ይከፈታል፤ የጓሮ በሩ ወደ ደም ሥሩ። ለፊት በር የተላከ ፌስታል የፊት በር፣ ለጓሮ የተላከው ጓሮ መድረስ አለበት። ከስንት አንድ ጊዜ፣ ከኩሊዎቹ አንዱ ሥራ የማያውቅበት ሕፃን ይወለዳል። ለፊት በሩ የታሰበው ዕቃ ሱቁ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። እናቱ ታጠባዋለች፤ ወተቱ ያልፈዋል እንጂ አያድርበትም። ጋሽ ቱፋ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ሲያላግጡ ያላየኋቸው በዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀስቷ ልምጣ። አንድ ዓመት ፈተና ላይ የአንጀት ሴል ሣሉ፣ ለፊት በር የታሰበች ፌስታል ጨምሩበት፣ የትኛው ኩሊ እንደሚያደርሳት በቀስት አሳዩ አሉ። በመፈክሩ መሠረት መልሱ ኪኔሲን ነው፤ ወጪ ነዋ። አንዲት ወርቅነሽ የምትባል ልጅ ግን ቀስቷን ወደ ፊት በሩ አውጥታ ጎኗ ላይ «ዳይኒን» ብላ ጻፈች። እሷም የወንጂ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከከምባታ መጥተው ሸንኮራው ላይ የቀሩ። ጋሽ ቱፋ ገጹን ሙሉ በቀይ ኤክስ አደረጉበት። ውጤት ሲያነቡ ልጅቷ ብድግ ብላ የኔ ልክ ነው አለች። ወደ ሰሌዳው ጠሯት፤ ያንኑ ደግማ ሣለች። መጽሐፉ ተሳስቷል ነው የምትዪው ቢሏት፣ እንጃ፣ የኔ ልክ ነው አለች። አንድ ነገር ተናገሯት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ሄዳ ተቀመጠች። ትምህርቱን የወደቀችው በአንድ ማርክ ነው። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ከግቢ ወጣች። እኛም ረሳናት።

አሥር ዓመት ያህል አለፈ። ጋሽ ቱፋ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሔለን የምትባል ወጣት መምህርት ትምህርቱን እንድትካፈላቸው ተመደበች። አንድ ቀን በመምህራን ክፍል ውስጥ ያዘጋጀችውን ሥዕል አዩትና፣ እኛ ሁላችን ባለንበት፣ ቀስትሽ ተገልብጧል አሏት። ሔለን አልተከራከረችም። የታተመ የጥናት ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችና ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች። ይህን ያህል ጨዋ ጭካኔ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ወረቀቱን ይዘው ሄዱ፤ ሦስት ቀን አልታዩም። በአራተኛው ቀን መጡ፣ «አካም» ሳይሉ ሔለን ፊት ቆሙና «ትክክል ነሽ» አሏት። በክፍሉ ውስጥ ማንኪያ ማማሰሉን አቆመ።

ክብ በሆነው ሴል ሐዲዱ ከመሐል ወደ ዳር ይዘረጋል። በአንጀቱ ሴል ግን ሐዲዶቹ ከላይ ወደ ታች ቆመዋል፤ የመቀነሱ ጫፍ ላይ፣ ፊት በሩ ሥር፣ የመደመሩ ጫፍ ታች፣ ጓሮ። ስለዚህ በሐዲዱ ወደ ፊት በር የሚያወጣው ዋናው ኩሊ ዳይኒን ነው። ገቢ ያሉት ወጪ ነው። መፈክሩ ውሸት አልነበረም፤ የሌላ ሴል እውነት ነበር። በዚያው ቀን ክፍል ገብተው ለስንት ዓመት ሲያሳስቱ እንደኖሩ ለተማሪዎቹ ነገሯቸው። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሰው እውነትን ለመናገር የሚከፍለው ዋጋና አድማጭ የሚሰጠው ግምት ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ጋሽ ቱፋ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የፈተና ወረቀት ለተማሪ አይመለስም። ሁሉንም በጆንያ እያሠሩ አልጋቸው ሥር ያስቀምጡ ነበር። ጡረታ በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ያኔ እኔም ማስተማሩን ትቼ ነበር፣ ከዘራቸውን እየተደገፉ ቤቴ መጡ። ጉልበታቸው ደክሞ ነበር። ክላሰር ውስጥ አንድ ወረቀት ይዘዋል። ጆንያዎቹን ፈትተው የአንጀት ሴል ያለበትን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ አይተውታል። ሁሉም ተማሪ የተሳሳተውን መልስ በትክክል ጽፎ አልፏል። ዳይኒን የጻፈችው አንዲት ብቻ ናት።

«አንዲት ልጅ እውነት ስለተናገረች አባርሬያለሁ» አሉኝ። «ሳላገኛት ብሞት ያስተማርኩት ሁሉ ገደል ገባ።»

ልከላከልላቸው ሞከርኩ። ያኔ የነበረው መጽሐፍ ሁሉ እንዲያ ይል ነበር አልኳቸው።

«መጽሐፉ ስለ ክቡ ሴል ነው የተናገረው። የአንጀቱን ሴል ያስገባሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉን አልጠየቅሁትም፤ አጨበጨብኩለት እንጂ።»

ረስታዋለች፣ ይተዉት አልኳቸው። በተፈጥሮዬ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አታድርግ ማለት እወዳለሁ። እሳቸው አልሰሙኝም፤ እኔም የመጣው ይምጣ ብዬ ተከተልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

መጀመሪያ ወንጂ ሄድን። እናቷን አገኘናቸው፤ አባቷ አርፈዋል። ሴትየዋ ጋሽ ቱፋን ገና ከሩቅ ሲያዩ ማን መሆናቸውን አውቀዋል፤ የሸንኮራ ቆራጩ ልጅ፣ መምህር የሆነው። ልጃቸው ሻሸመኔ ድንች በጅምላ ትነግዳለች፣ ደህና ሆናለች አሉን። ስልኳን ሊሰጡን ቢሉ ጋሽ ቱፋ አልፈለጉም። «ቀስት በስልክ አይታይም» አሉ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፈን እስከ አርሲ ነገሌ ድረስ ክላሰሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ምን ሊሏት እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። ማርኳን እንደሚጨምሩላት ነገሩኝ። የተዘጋ ትምህርት፣ ያለፈ አሥር ዓመት፣ ጡረታ የወጣ መምህር፤ አንድ ማርክ ሊጨምሩ ይሄዳሉ። አላሾፍኩባቸውም። ለእኔ ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው።

የወርቅነሽ መጋዘን ከገበያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ ዳስ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የድንች ጆንያ ተደርድሯል፤ ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው። አምስት ወይም ስድስት ጫኞች ከዳሱ ወደ ሁለት አይሱዙዎች ይመላለሳሉ። በመሐል አንዲት ወፈር ያለች ሴት ቆማ ሾፌሩን በኦሮምኛ ትሰድባለች፣ ስልኩን በከምባትኛ ታናግራለች፣ ጫኞቹን በአማርኛ ታዛለች። ዞር ስትል ጋሽ ቱፋን አየች።

«መምህር ቱፋ» አለች። ደስታም ቁጣም የለበትም፤ ከጆንያ ላይ ስም እንደምታነብ።

ጋሽ ቱፋ ሰላምታ ላይ ጊዜ አላጠፉም። ወረቀቱን አውጥተው ሰጧት። «ወርቅነሽ፣ ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ስለ ክቡ ሴልና ስለ አንጀቱ ሴል፣ ስለ ቆመው ሐዲድ ማስረዳት ጀመሩ። ወርቅነሽ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። የራሷን የእጅ ጽሑፍ እንደ ልጅነት ፎቶግራፍ ትመለከተዋለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ጫኞቹ እስኪዞሩ።

«መምህር፣ እኔ እኮ ስማቸውን አምታትቼ ነው። ኪኔሲን ልጽፍ ዳይኒን ጻፍኩ። ከፈተናው ስንወጣ ልጆቹ ሲነግሩኝ ራሴን ልደበድብ ነበር።»

ጋሽ ቱፋ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ታዲያ ለምን ተከራከርሽኝ?»

«አንድ ማርክ ከጎደለኝ መከራከር ነው ብዬ። ከዚያ ሰሌዳ ላይ አቆሙኝ። ሰው ፊት ከቆምኩ በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት አፈርኩ። እርስዎም ለማለት አሥር ዓመት ፈጅቶብዎት የለ?»

እኔ የዓለምን ፌዝ መልቀም የምወድ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ አላጋጠመኝም። ልጅቷ በስህተት ትክክል ነበረች፣ አስተማሪው በዕውቀት ተሳስቷል። ልስቅ ስል የወርቅነሽን ፊት አየሁ። ሳቋ ቆሟል።

«አንድ ማርክ ነው ያጣሁት» አለች። «ደግሜ ተፈትኜ አልፍ ነበር። የሄድኩት በቀስቱ አይደለም።»

«በምንድን ነው?»

«አያስታውሱትም?»

አያስታውሱትም ነበር። ማስመሰል የሚችሉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ክላሰሩን ይዘው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እንደ ተማሪ ይጠብቃሉ።

«‹የአባትሽ ቆንጨራ ወንጂ እየጠበቀሽ ነው፤ ሂጂና ተረከቢው› አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቅዳሜ ቤት ስሄድ አባቴ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቆንጨራው ሁለት ጣቱን ወስዶበታል። ትምህርት እንዴት ነው ልጄ አለኝ። ሰኞ ተመልሼ እርስዎ ክፍል መቀመጥ አቃተኝ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። እኔም ሰምቼው ነበር። በዚያ ሳምንት ቀልዱ ከተማሪ ወደ መምህራን ክፍል መጥቶ ነበር፤ አንድ ባልደረባ የጋሽ ቱፋን ድምፅ እያስመሰለ ሲናገረው ሻይ ትን እስኪለኝ ስቄያለሁ። ይህን ለወርቅነሽ አልነገርኳትም። እዚህ ነው የጻፍኩት፤ መጻፍ ከመናገር ይቀልላል።

ጋሽ ቱፋ ክላሰሩን ብብታቸው ሥር አስገቡ። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሌላ ሰው አፍ እንጂ ከራሳቸው ያልሰማሁትን ተናገሩ። «የኔም አባት ሸንኮራ ቆራጭ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ወንጂ ማን ማንን አያውቅም? ለዚህ እኮ ነው ያልረሳሁት። ሌላ ሰው ቢለኝ እረሳው ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ወደ ጫኞቹ ዞሩ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገሩበት በዚያው ከፍ ያለ ድምፅ፣ ቱፋ እንደሚባሉ፣ የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ እንደሆኑ፣ በአባታቸው ሥራ ሲያፍሩ እንደኖሩ፣ ይህችን ሴት ደግሞ ገና ልጅ ሳለች በአባቷ ሥራ ሰው ፊት እንዳዋረዷት ነገሯቸው። የተናገሯትን ቃል ሳያስተካክሉ፣ ሳያሳጥሩ፣ እንዳለ ደገሙት። አንድ ጫኝ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆመ። አንድ ሾፌር ሬዲዮውን ዘጋ። ማንም አልሳቀም።

ወርቅነሽ ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ስልኳ ጠራ፣ አላነሳችውም። ወረቀቱን እንደገና አየች፤ በዚያ በቀይ ኤክስ ሥር ያለችውን የራሷን ቀስት ጣቷን አድርጋ ከታች ወደ ላይ ተከተለቻት።

«እና አሁን ማነው የሚያወጣው? በእውነቱ?»

«ዳይኒን» አሉ ጋሽ ቱፋ። «እስከ ፊት በሩ አፍ ያደርሳታል። የመጨረሻዋን ርቀት ደግሞ ማዮሲን የሚባል ሌላ ኩሊ ይቀበለዋል፣ በሌላ መንገድ። ወደ ጓሮው የሚወስደው ኪኔሲን ነው።»

«ማን ነግሮት?»

«ምኑን?»

«ኩሊውን ነዋ። ይሄ ጆንያ የአዳማ፣ ያ የሐዋሳ ነው የምላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብቀር ድንቹ በሙሉ ሐዋሳ ይገባል። እዚያ ውስጥ ይቺ የፊት በር ናት፣ ያቺ የጓሮ ናት ብሎ የሚነግራቸው ማነው?»

ጋሽ ቱፋ ፌስታሏ ላይ ምልክት እንዳለ፣ ኩሊው የሚይዘው ምልክቱ ላይ የተጣበቀውን ማያያዣ እንደሆነ ነገሯት።

«እሺ፣ ምልክቱን ማን አደረገው?»

የሚያደርጉት ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳሉ፣ ዕቃው ሲታሸግ እንደሚለዩት ተናገሩ።

«እነሱስ በምን አወቁ?»

ጋሽ ቱፋ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ለስንት ዓመት የማውቀው አኳኋን ነው፤ አገጫቸው ከፍ ይላል፣ የቀኝ እጃቸው ጠመኔ እንደያዘ ይነሳል። እጃቸው ተነሳ። ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አላውቅም» አሉ። «ጥቂቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ጨርሶ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አላውቅም።»

ይህችን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተማሪዎቻቸውም እንዳልሰሟት እርግጠኛ ነኝ።

ወርቅነሽ አየቻቸው። ከመጣን ጀምሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ማንም ተቀመጡ አላለንም ነበር፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነው ሁሉንም የተናገሩት። በእግሯ ከጥግ አንድ ባዶ ሣጥን ስባ አመጣች፤ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ አፈሩን ጠረገችላቸው።

«ይቀመጡ መምህር» አለች። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»